ፎስፈረስ ባነሰው አፈር የሚበረታውን የቦሎቄ ዝርያ በራስ ማሳ እንዴት እንለያለን?

ቦሎቄ የሚዘራ ሰው ዝርያ ሲመርጥ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚያወጣ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ነጋዴው ቀዩን ይሁን ነጩን እንደሚፈልግ ይጠይቃል። ማዳበሪያ፣ በተለይ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ፣ ሲያጥረው ምን ይሆናል የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። የማዳበሪያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቀድሞ የሚቀነሰው የቦሎቄው ድርሻ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ በፊት መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። ከዝርያ ዝርያ ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም። ጎን ለጎን ከተዘሩ ሁለት ዝርያዎች አንዱ ያለ ማዳበሪያ ደህና ፍሬ ሲይዝ ሌላው ቀጭጮ ሊቀር ይችላል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ልዩነቱን በራሳቸው ማሳ ማየት ለሚፈልጉ ገበሬዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለግብርና ተማሪዎችና ለዘር አባዢ ማኅበራት ነው። የሚያስፈልገው አንድ የዝናብ ወቅት፣ 250 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት፣ የኩሽና ሚዛን፣ አካፋና መዝገብ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ከውኃ ጋር ይጓዛል፤ ፎስፈረስ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። በአሲዳማ አፈር ብረትና አሉሚኒየም አንቀው ይይዙታል፤ ኖራማ በሆነ አፈር ደግሞ ካልሲየም ይይዘዋል። ሥሩ የሚያገኘው በዙሪያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎስፈረስ ወደ ተክሉ አይመጣም፤ ተክሉ ነው ሥሩን ዘርግቶ የሚሄድበት። አብዛኛው ሊወሰድ የሚችል ፎስፈረስ የሚገኘው ደግሞ ቅጠልና ፍግ በሚበሰብስበት የላይኛው አፈር ነው።

ቦሎቄ ላይ ይህን ለዓመታት ካጠኑት አንዱ በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ሊንች ናቸው። ከእሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዋናው ሥር አናት የሚወጡት የጎን ሥሮች ጠልቀው ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ጋደል ብለው የሚሄዱ ከሆነ የላይኛውን አፈር በደንብ ያስሳሉ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሥሮች በዙር በዙር ይወጣሉ፤ በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ 4 ሥር ይኖራል፤ አንዱ ዝርያ 1 ወይም 2 ዙር ሲኖረው ሌላው 3 ወይም 4 ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ከአፈር በታች ካለው የግንድ ክፍል የሚወጡት ቀጫጭን ሥሮች ብዛት ይለያያል። አራተኛ፣ የሥሩ ፀጉር፣ ማለትም ከሥሩ ላይ የሚወጡት በጣም ቀጫጭን ክሮች፣ ርዝመትና ጥቅጥቅነት ይለያያል።

እነዚህ ባሕርያት ሲገናኙ ውጤታቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ሞዛምቢክ ውስጥ ፎስፈረስ ባነሰው ማሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ሥራቸው ጋደል ያሉ ቦሎቄዎች ሥራቸው ጠልቆ ከሚወርደውና የሥር ፀጉራቸው አጭር ከሆኑት ይልቅ ዕድገታቸው በ58 በመቶ ገደማ በለጠ፤ የሥር ፀጉራቸው ረጅም የሆኑት በ89 በመቶ ገደማ በለጡ፤ ሁለቱንም የያዙት ግን በ298 በመቶ ገደማ ልቀው ተገኙ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ዝርያ ሲመርጥ ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ አይቶ የሚረካ አይመስለኝም።

ከዚህ ሌላ ተክሉ ያገኘውን ፎስፈረስ ወደ ፍሬ የመለወጥ ችሎታም አለ። መሰብሰብና መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንዱ የበረታ ዝርያ በሌላው ሊደክም ይችላል።

1. መጀመሪያ አፈሩን ይወቁ

ፎስፈረስ በበዛበት መሬት ሁሉም ዝርያ ጎበዝ ስለሚመስል፣ ሙከራው ትርጉም የሚኖረው በእርግጥ ባነሰበት ቦታ ነው። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ በዚግዛግ እየሄዱ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ይውሰዱ፤ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው በጥላ ካደረቁ በኋላ ግማሽ ኪሎ ያህሉን ወደ አፈር ላቦራቶሪ ይላኩ። የአሲድነት መጠን፣ ሊወሰድ የሚችል ፎስፈረስ እና ኦርጋኒክ ካርቦን እንዲለካ ይጠይቁ።

ፎስፈረስ በምን ዘዴ እንደተለካ ሳይጠይቁ ውጤቱን አይቀበሉ። የኦልሰን ዘዴ አሲድ ለሌለው ወይም ኖራማ ለሆነ አፈር፣ የብሬይ ዘዴ ለአሲዳማ አፈር ይመረጣል፤ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። በኦልሰን በአንድ ኪሎ አፈር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ለዚህ ሥራ ምቹ ማሳ አግኝተዋል።

የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ ነው) ከ5.5 በታች ከወረደ አንድ ነገር መወሰን አለብዎት። እዚያ አሉሚኒየም ራሱ ሥሩን ስለሚመርዝ፣ የደከመው ዝርያ በፎስፈረስ ይድከም ወይም በአሲድ መለየት ያስቸግራል። ወይ ማሳውን በሙሉ ቀደም ብለው እኩል ኖራ ያልብሱት፣ ወይም የሚፈትኑት ሁለቱን ችግር አንድ ላይ መሆኑን መዝገብዎ ላይ ጽፈው ይቀጥሉ። አሲዳማ መሬት ላይ ለሚኖር ገበሬ ሁለተኛውም ጠቃሚ መልስ ይሰጣል።

ቀድሞ በረት የነበረበት፣ አመድ የተደፋበት፣ አውድማ የነበረ፣ ኩይሳ የፈረሰበት እና የዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቦታ ከሙከራው ይውጣ። እንዲህ ያለ ቁራሽ መሬት ለዓመታት ፎስፈረስ አቁሮ ስለሚቆይ፣ በላዩ ያረፈው ዝርያ ሳይገባው ይሞገሳል።

2. ዝርያና ዘር መምረጥ

ከ4 እስከ 6 ዝርያ ይበቃል። አንዱ አካባቢው የለመደውና ጠባዩን የሚያውቁት ይሁን፤ እሱ መለኪያ ይሆንዎታል። ለምሳሌ ናስር፣ ሐዋሳ ዱሜ፣ አዋሽ-1 እና ኢባዶን ማስተያየት ይቻላል። የአካባቢ ዘር ካለዎትም ያስገቡት። ብዙ ሰው የአካባቢ ዘርን ይንቃል፤ ነገር ግን በተመራማሪዎች ዘንድ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር በመበርታት ከታወቁት አንዱ የሆነው ጂ 19833 የተባለው ቦሎቄ ራሱ የፔሩ ገበሬዎች ነባር ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቦሎቄ ዘረ መል በሙሉ ሲነበብ ለናሙና የተመረጠውም እሱ ነበር። ሐረግ የሚጥሉና በእንጨት ላይ የሚወጡ ዝርያዎችን ከቁጥቋጦዎቹ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚለያይ ለብቻቸው ይፈተኑ።

የዘር መጠን እዚህ ላይ ያሳስታል። ኢባዶ ዘሩ ትልቅ ነው፤ ናስርና አዋሽ-1 ደቃቅ ናቸው። ትልቅ ዘር በውስጡ ብዙ ፎስፈረስ ስንቅ ይዞ ስለሚበቅል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፈሩ ምንም ባይሰጠው እንኳ ሲያምር ይታያል። ስለዚህ በችግኝ ዕድሜ አይፍረዱ። ሌላው ደግሞ ያው አንድ ዝርያ ለም መሬት ላይ ከተመረተና ደካማ መሬት ላይ ከተመረተ የዘሩ ስንቅ ይለያያል። ቢቻል የሁሉም ዘር በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት የተመረተ ይሁን።

3. ከመዝራት በፊት በወረቀት ላይ ማብቀል

ይህ እርምጃ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ብዙ የሚያሳይ ነው። ከእያንዳንዱ ዝርያ 20 ጤነኛ ፍሬ ይቁጠሩ። የእጅ ማድረቂያ ወይም የጋዜጣ ወረቀት ደርበው ያርጥቡ፤ ፍሬዎቹን ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ሥር የሚወጣበት ጎናቸው ወደ ታች እንዲያይ በመደዳ ይደርድሩ፤ ሌላ እርጥብ ወረቀት አልብሰው ይጠቅልሉትና ግርጌው ትንሽ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያቁሙት። ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ከ3 ቀን ገደማ ጀምሮ በየጊዜው ቀስ ብለው እየፈቱ ይመልከቱ። ዋናው ነጭ ሥር ቀጥ ብሎ ወርዶ ይታያል። ግንዱ አብቅቶ ሥሩ በሚጀምርበት ወፈር ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ትንንሽ ነጭ ጫፎች ብቅ ይላሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንደነገሩ የተበተኑ አይደሉም፤ በአንድ ከፍታ ዙሪያውን አራት፣ ዝቅ ብሎ እንደገና አራት ሆነው ይወጣሉ። ዙሮቹን ይቁጠሩና የ20ውን አማካይ ይመዝግቡ። በዚያው መነጽር ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት በሥሩ ላይ እንደ ጭጋግ የሚታየው የሥር ፀጉር ነው። ሳይነኩት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡት፤ እጅ ከነካው ወይም ከደረቀ ይለጠፍና አይታይም። ሁለት ሰው ለየብቻው ነጥብ ቢሰጥ ይመረጣል።

4. መደቦቹን ማሰናዳት

ለ4 ዝርያ፣ ሁለት የፎስፈረስ ደረጃ (ያለና የሌለ) እና ሦስት ድግግሞሽ ሲያዝ 24 መደብ ይሆናል። አንድ መደብ 4 መስመር ይኑረው፤ መስመሩ 3 ሜትር ይርዘም፤ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 4.8 ካሬ ሜትር ይመጣል። በመደቦች መካከል 1 ሜትር መንገድ ይተዉ። ለደቃቁ ዘር ግማሽ ኪሎ፣ ለትልቁ እስከ 1 ኪሎ ቢያዘጋጁ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ዘርተው በኋላ ለማሳሳት ይበቃዎታል።

ሦስቱ ድግግሞሾች ተዳፋቱን አቋርጠው አንዱ ከአንዱ በታች ይሰለፉ። በየድግግሞሹ ውስጥ የትኛው ዝርያ የት እንደሚያርፍ በዕጣ ይወሰን። የሚወዱትን ዝርያ ጥሩ መሬት ላይ የማሳረፍ ዝንባሌ ሁላችንም ላይ ስላለ ዕጣው አይዘለል። ማዳበሪያ ካገኘው መደብ ጎርፍ አፈር ጠርጎ ወዳላገኘው እንዳይወስድ በመካከላቸው ትንሽ የአፈር ግድብ ያንሱ።

5. ማዳበሪያውን መስፈር

ሙከራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አላማው የፎስፈረስን ውጤት ማየት ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ኤን ፒ ኤስ ግን 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ እና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። በአንዱ መደብ ኤን ፒ ኤስ ጨምረው ሌላውን ባዶ ከተዉት፣ የታየው ልዩነት የናይትሮጅን ይሁን የፎስፈረስ አይታወቅም።

ባለ 46 በመቶ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ካገኙ ቀላል ነው፦ በሄክታር 100 ኪሎ ሂሳብ ለአንድ መደብ 48 ግራም፣ ለአንድ መስመር 12 ግራም። ለሁሉም መደብ ያለ ልዩነት ትንሽ ዩሪያ እኩል ይሰጣል።

ካላገኙ ኤን ፒ ኤስ በሄክታር 121 ኪሎ ሂሳብ ይጠቀሙ፤ ለመደቡ 58 ግራም ይመጣል። ይህ በሄክታር 46 ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ማለት ነው፤ ንጹሑ ፎስፈረስ 20 ኪሎ ይሆናል። ከዚሁ ጋር 23 ኪሎ ናይትሮጅን ስለሚገባ፣ ፎስፈረስ ለማያገኙት መደቦች በሄክታር 50 ኪሎ ዩሪያ፣ ማለትም ለመደቡ 24 ግራም በመስጠት ናይትሮጅኑን ያስተካክሉ። የሰልፈሩ ልዩነት ይቀራል። ጂፕሰም (ሰልፈር ያለበት ማዕድን) ከተገኘ ፎስፈረስ ለሌላቸው መደቦች 23 ግራም ገደማ ቢጨመር ያካክሰዋል።

ማዳበሪያው ከዘሩ ጎንና ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ዘሩን ከነካ ያቃጥለዋል። ሕያው ማዳበሪያ (ናይትሮጅን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ያሉበትን) የሚጠቀሙ ከሆነ ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም። ፍግ ደግሞ በዚህ ወቅት በሙከራው ቦታ ላይ አይበተን።

6. በወቅቱ ውስጥ መከታተል

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ መዝሪያው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ሁሉም መደብ በአንድ ቀን ይዘራ። አረም፣ ኩትኳቶና የተባይ ቁጥጥር እኩል ይሁን። ቦሎቄ ፎስፈረስ ሲያንሰው እንደ በቆሎ ሐምራዊ እስኪሆን አይጠብቁ። ቅጠሉ አንሶ ይጠቁራል፤ ግንዱ ይቀጥናል፤ ቅርንጫፉ ያንሳል፤ አበባው ይዘገያል። በእያንዳንዱ መደብ ከተክሎቹ ግማሹ አበባ ያወጡበትን ቀን ይመዝግቡ፤ አንዱ ዝርያ ያለ ፎስፈረስ በስንት ቀን እንደዘገየ ብዙ ይናገራል።

7. ሥሩን ቆፍሮ ማየት

አበባ በሚያወጣበት ሰሞን፣ አፈሩ ረጠብ ባለበት ቀን፣ ከዳርና ከዳር ካሉት መስመሮች ሁለት ሁለት ተክል ያውጡ። መካከለኞቹ ሁለት መስመሮች ለምርት መለኪያ ስለሚቀሩ አይነኩ። ተክሉን በእጅ መንቀል ክልክል ነው፤ የሚፈለጉት ሥሮች ተበጥሰው እዚያው ይቀራሉ። ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን በአካፋ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቁረጡና ከነአፈሩ ያንሱት። ባልዲ ውኃ ውስጥ ትንሽ የሳሙና ዱቄት ጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ አፈሩ በራሱ እስኪለቅ በውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት።

የታጠበውን ሥር ፕሮትራክተር በተሣለበት ካርቶን ላይ ያስደግፉት። የጎን ሥሮቹ ከአግድም መስመር በስንት ዲግሪ እንደወረዱ ይለኩ፤ ወደ 0 የቀረበ የላይኛውን አፈር የሚያስስ፣ ወደ 90 የቀረበ ጠልቆ የሚወርድ ነው። ከግንዱ የወጡትን ቀጫጭን ሥሮችም ይቁጠሩ። ናይትሮጅን የሚሠሩትን ኖዱሎች (በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች) በጥፍር ሰንጥቀው ይመልከቱ፤ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ እየሠሩ ነው። ኖዱል ብዙ ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፎስፈረስ በሌለው መደብ ላይ ቀይ ኖዱል ይዞ የተገኘ ዝርያ ልዩ ትኩረት ይገባዋል።

8. ምርቱን መመዘን

ከመካከለኞቹ ሁለት መስመሮች ብቻ ይሰብስቡ፤ ስፋቱ 2.4 ካሬ ሜትር ነው። ወቅተው በደንብ አድርቀው በግራም ይመዝኑ። በ4.17 ሲያባዙት በሄክታር ስንት ኪሎ እንደሆነ ይመጣል። 336 ግራም ያገኙበት መደብ በሄክታር 14 ኩንታል ገደማ ነው።

9. ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ማስላት

ይህንን ክፍል በጥሞና ያንብቡት፤ ዝርያ በስህተት የሚመረጠው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የቀረቡ ምሳሌዎች ናቸው። ዝርያ ሀ ያለ ፎስፈረስ 14፣ በፎስፈረስ 18 ኩንታል ሰጠ እንበል። ዝርያ ለ ያለ ፎስፈረስ 9፣ በፎስፈረስ 20 ሰጠ። የተጨመረው 20 ኪሎ ንጹሕ ፎስፈረስ ነው።

የማዳበሪያውን ውጤት ለማወቅ ጭማሪውን ለ20 ያካፍሉ። ለሀ 400 ኪሎ ለ20 ሲካፈል፣ በአንድ ኪሎ ፎስፈረስ 20 ኪሎ ፍሬ ይሆናል። ለ ደግሞ 1,100 ለ20 ሲካፈል 55 ኪሎ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ለ የተሻለ ነው ብሎ ይደመድማል። ማዳበሪያ መግዛት ለማይችለው ገበሬ ግን ለ በሄክታር 5 ኩንታል ያሳጣዋል።

ያለ ፎስፈረስ የተገኘውን በፎስፈረስ ለተገኘው አካፍሎ በመቶኛ መግለጽም የተለመደ ነው፤ ሀ 78፣ ለ 45 በመቶ ይሆናሉ። ይህም ለብቻው አይበቃም። 6 ኩንታል ሰጥቶ በማዳበሪያ 6.5 ብቻ የደረሰ ሰነፍ ዝርያ 92 በመቶ ያገኛልና።

ስለዚህ ወረቀት ላይ መስቀለኛ መስመር ያስምሩ። አግድሙ ያለ ፎስፈረስ የተገኘው ምርት፣ ሽቅቡ ለማዳበሪያ የሰጠው ምላሽ ይሁን፤ መስመሮቹ በሁሉም ዝርያዎች አማካይ ላይ ይቋረጡ። እያንዳንዱን ዝርያ በነጥብ ያስቀምጡ። ያለ ማዳበሪያም ጥሩ፣ ሲያገኝም የሚጨምር ከተገኘ እሱን ይያዙ። ያለ ማዳበሪያ ጥሩ ሆኖ ብዙም የማይጨምረው ማዳበሪያ ለማይደርሰው ማሳ ይሁን። ያለ ማዳበሪያ ደካማ ሆኖ ሲያገኝ የሚፈነዳው በቂ ማዳበሪያ ላለው። በሁለቱም የደከመው ይቅር። ሦስቱ ድግግሞሾች እርስ በርስ የሚለያዩት በዝርያዎቹ መካከል ካለው ልዩነት በላይ ከሆነ ግን ፍርዱን ለሚቀጥለው ወቅት ያቆዩት።

ላቦራቶሪ ለሚያገኝ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ደረቁን ተክልና ፍሬውን አስመርምሮ በውስጡ ያለውን ፎስፈረስ ማወቅ ከተቻለ፣ ጠቅላላው የተወሰደው መጠን የመሰብሰብ ችሎታን፣ ፍሬው ለተወሰደው ሲካፈል ደግሞ የመጠቀም ችሎታን ይነግራል። ላቦራቶሪ ከሌለ ከወረቀቱና ከአካፋው ያገኙት የሥር መረጃ የመጀመሪያውን ለመገመት ይረዳል።

10. ዝርያውን ከመሬቱ ጋር ማገናኘት

ሥሩ ላይ ላዩን የሚሄድ ዝርያ ዝናብ ቀድሞ በሚያቆምበት ቦታ ይጎዳል፤ የላይኛው አፈር መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነውና። ዝናቡ አስተማማኝ በሆነበት፣ አፈሩ ቀይና አሲዳማ በሆነው ደጋና ወይና ደጋ እንዲህ ያለውን ይምረጡ። ድርቅ በሚያሰጋው ቆላማ ስምጥ ሸለቆ ግን ጠልቆ የሚወርደውን ጨርሶ አይጣሉ። ብዙ ዙር ያላቸው ዝርያዎች አንዳንዱን ሥር ወደ ጎን፣ አንዳንዱን ወደ ታች መስደድ ስለሚችሉ ለሁለቱም ይሻላሉ። ገበያው ከፈቀደ ሁለት ዓይነት ሥር ያላቸውን ዝርያዎች ማሳውን ከፍሎ መዝራትም አንድ መላ ነው።

የበረታው ዝርያ ፎስፈረስ አይፈጥርም፤ ካለው ይወስዳል። በአንድ ቶን ፍሬ ወደ 4 ኪሎ ፎስፈረስ ከማሳው ይወጣል። ገለባውን ወደ ማሳው መመለስ፣ ፍግና ኮምፖስት መጨመር፣ በየተወሰነ ዓመት ትንሽም ቢሆን ማዳበሪያ መስጠት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ዛሬ የተመሰገነው ዝርያ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያገኘው ያጣል።

ሙከራውን በሁለተኛው ወቅት ሲደግሙ፣ ፎስፈረስ የተሰጣቸውን መደቦች ሳያምታቱ እንዲያውቁ ችካሎቹ ሳይነቀሉ ይቆዩ። ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት ከተሰጠው ፎስፈረስ የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ቀሪው እዚያው አለ። ወይ አዲስ ቦታ ይጠቀሙ፣ ወይ ባለ ማዳበሪያውን በባለ ማዳበሪያ፣ ባዶውን በባዶ ላይ ይድገሙ፤ ዕጣውን ግን በዝርያዎቹ መካከል እንደገና ያውጡ።